ነርስነት ሲያስመርር፦ ሙያውን ከመልቀቅ በፊት የሚደረግ ምርመራ

በነርስነት ሥራው ደስታ ያጣ ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ «ልቀቅ ወይስ ልቆይ?» በሚል ጥያቄ ይጨነቃል፤ ጥያቄው ግን ጊዜው ሳይደርስ የመጣ ነው። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ያስመረረው ሙያው ራሱ፣ የሚሠራበት ክፍል፣ ፈረቃው ወይስ የአለቃው አያያዝ መሆኑ ነው፤ በፈረቃ ምክንያት ሙያ የሚቀይር ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ይከፍላልና።

ይህን ለመለየት ለጥቂት ሳምንታት ከተረኛ ርክክብ በኋላ፣ ወደ ቤት ከመሄድዎ በፊት፣ ሁለት ሦስት መስመር ይጻፉ። የሕመምተኛ ስም አይጥቀሱ። «ሥራ በዝቶ ዋለ» የሚል ማስታወሻ ምንም አይነግርዎትም፤ «የስድስት ሰዓቱን መድኃኒት ያዘገየሁት ቅጽ ስሞላና ስልክ ሳነሳ ነው» የሚለው ግን ችግሩ በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ሳይሆን በሥራ ክፍፍሉ ላይ እንዳለ ያሳያል። ሳይማረሩ ያለፉባቸውን ሰዓታትም ይመዝግቡ፤ በእኔ እምነት ከምሬቱ ይልቅ አቅጣጫ የሚጠቁሙት እነርሱ ናቸው።

ማስታወሻውን ሲያነቡ ሁለት ነገሮችን አያምታቱ። የዓለም ጤና ድርጅት በ11ኛው የበሽታዎች ምደባው ከሥራ የሚመጣን ዝለት ከበሽታ ሳይቆጥር በሦስት ምልክቶች ይገልጸዋል፦ የኃይል መሟጠጥ፣ ከሥራው በአእምሮ መራቅ ወይም ሥራውን በአሉታዊ ስሜት ማየት፣ እንዲሁም ውጤታማነት መቀነስ። ፈላስፋው አንድሪው ጄምተን በ1984 እ.ኤ.አ. ስለ ነርሶች ሲጽፍ ያነሣው የሕሊና ጭንቀት ግን ከዚህ ይለያል፤ ትክክለኛው ተግባር ምን እንደሆነ እየታወቀ የተቋሙ አሠራር እንዳይፈጸም ሲያግድ የሚሰማ ነው። የመጀመሪያውን እረፍትና የሥራ ጫና መቀነስ ሊያቃልለው ይችላል። ሁለተኛውን ግን እረፍት ብቻውን አይፈታውም፤ የሰው ኃይሉም ሆነ አሠራሩ ተመሳሳይ ወደሆነ ሌላ ዋርድ መዛወርም እንዲሁ።

መውጫው ሁልጊዜ በር ዘግቶ መሄድ አይደለም። የሌሊት ተረኝነት የጎዳው ሰው በተመላላሽ ሕክምና ወይም በትምህርት ቤት ጤና እፎይ ሊል ይችላል፤ ሥርዓት ማስያዝ የሚወድ በኢንፌክሽን መከላከል፣ በጥራት ቁጥጥር ወይም በጤና መረጃ ክፍል ቦታ ያገኛል። የዘመናዊ ነርስነት መሥራች የምትባለው ፍሎረንስ ናይቲንጌልም ከክራይሚያ ጦርነት በኋላ ለውጥ ለማምጣት የተጠቀመችው በስታቲስቲክስ ነበር፤ ከአልጋ አጠገብ መራቅ ሙያን መካድ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ይዘነጉታል።

ለአዲስ ሥራ ሲያመለክቱ «ሕሙማንን ተንከባክቤያለሁ» በሚል አጭር ዐረፍተ ነገር አይለፉት። በአንድ ፈረቃ ስንት ሕሙማን እንደሚከታተሉ፣ ማንን አስቀድመው እንደሚያዩ በምን እንደሚወስኑ፣ ለተጨነቀ ቤተሰብ ነገሩን እንዴት እንደሚያስረዱ በዝርዝር ይግለጹ፤ ከሆስፒታል ውጭ ያለ ቀጣሪ እነዚህን በራሱ አይገምታቸውም።

ውሳኔውን ከተከታታይ የሌሊት ተረኝነት ማግስት አይወስኑ። ከተቻለ በሚያስቡት ክፍል አንድ ቀን ቆመው ይመልከቱ፤ እዚያ የሚሠራውንም ሰው ስለ መጥፎው ቀኑ ይጠይቁት። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከጠፋ፣ ወይም ተስፋ መቁረጥ ከበረታ፣ ከሥራ ለውጡ በፊት ሐኪም ማማከር ይቀድማል። የሙያ ፈቃድዎን ግን፣ ቢለቁም እንኳ፣ ቢያንስ አዲሱ ሥራ እስኪጸና ድረስ ያሳድሱት፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ መልሶ ማግኘት ከማሳደስ ይልቅ አድካሚ ሊሆን ይችላል።