ከመቀመጫ በላይ የተሸጠ በረራ፦ አየር መንገዶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አየር መንገዶች ካላቸው መቀመጫ በላይ ትኬት የሚሸጡት፣ ትኬት ቆርጦ የሚቀር መንገደኛ ስለማይጠፋና ባዶውን የበረረ መቀመጫ ተመልሶ ስለማይሸጥ ነው። አሠራሩ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ አልተከለከለም፤ እኔም በራሱ ነውር ነው አልልም። የሚያስወቅሰው፣ ይቀራሉ ተብለው የተገመቱት ሁሉ ሻንጣቸውን እየገፉ በመጡ ዕለት የሚደረገው ነገር ነው።

የመጀመሪያውና ከሁሉም የከፋው ስህተት ውሳኔውን ማዘግየት፣ ይባስ ብሎም ሰው ቀበቶውን ካሰረ በኋላ ተነሥ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 9 ቀን 2017 ከቺካጎው ኦሄር አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሉዊቪል ሊነሳ በነበረው፣ የአሜሪካው አየር መንገድ ዩናይትድ በዩናይትድ ኤክስፕረስ ስም በሚያበረው በረራ 3411 የሆነው ይኸው ነበር። በትክክል ከተባለ አውሮፕላኑ ሞልቶ እንጂ ከልክ በላይ ተሽጦ አልነበረም፤ ሉዊቪል ላይ ሥራ የሚጠብቃቸው አራት የበረራ ሠራተኞች ግን ዘግይተው ደረሱና መቀመጫ ተፈለገላቸው። በፈቃዱ የሚወርድ ሲጠፋ ድርጅቱ አራት መንገደኞችን መረጠ፤ በማግስቱ የማያቸው ሕመምተኞች አሉኝ ያሉ አንድ ሐኪም አልወርድም ቢሉ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው የጸጥታ ሠራተኞች በመተላለፊያው ላይ ጎትተው አወጧቸው፤ በደም የተበከለ ፊታቸውንም ዓለም በስልክ በተቀረጸ ቪዲዮ አየው። ድርጅቱ በዚያው ወር መጨረሻ፣ እንዲህ ያሉ ሠራተኞች ከመነሻው ሰዓት ቢያንስ 60 ደቂቃ ቀድመው እንዲመዘገቡ ደነገገ። ነገሩ ቀድሞም ቢሆን ከዚህ የተለየ ብልሃት አያስፈልገውም ነበር።

ሁለተኛው ስህተት ለበጎ ፈቃደኞች የሚቀርበውን ክፍያ መቆንጠር ነው። ኢኮኖሚስቱ ጁሊያን ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1968 ያቀረበው ሐሳብ ቀላል ነበር፦ መቅረት ያለበትን ሰው ሠራተኛ አይምረጠው፤ በጨረታ መልክ በአነስተኛ ዋጋ ለመቅረት የሚስማማው ራሱ ይለይ። አንዱ ለሠርግ ይቸኩላል፣ ሌላው ግን ገንዘቡን ተቀብሎ ቢያድር ደስ ይለዋል፤ ይህን ከራሳቸው ከመንገደኞቹ በቀር ማንም አያውቅም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥሪ ሰው ባያስነሳ ዋጋውን መጨመር እንጂ ወደ ግዳጅ መሮጥ አይገባም። ዩናይትድም ከዚያ ውርደት በኋላ ጣሪያውን እስከ 10,000 ዶላር አድርሶታል።

ሦስተኛው መብትን መደበቅ ነው፤ ይህኛው የእኛን ሰው በቀጥታ ይነካል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ 261/2004 መሠረት፣ ከኅብረቱ አገር በሚነሳ ማንኛውም በረራ ላይ፣ አየር መንገዱ የየትም አገር ይሁን፣ ያለ ፈቃዱ የቀረ መንገደኛ እንደ ርቀቱ 250፣ 400 ወይም 600 ዩሮ ካሣ ይገባዋል፤ ምግብ፣ ማደሪያና በሌላ በረራ መጓዝም እንዲሁ። ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ በቀጥታ የሚበር መንገደኛ ከፍተኛው እርከን ውስጥ ነው። ነገር ግን ልጆቻቸውን ጠይቀው የሚመለሱ አንዲት እናት፣ በማያነቡት ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ቀርቦላቸው «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ቢባሉ፣ ፊርማቸው በፈቃዳቸው እንደቀሩ ሊያስቆጥርና ካሣውን ሊያሳጣቸው ይችላል፤ በእጃቸው የሚቀረው ቫውቸር፣ ማለትም በገንዘብ ፈንታ የሚሰጥ የአየር መንገዱ ኩፖን ብቻ ይሆናል። አስተርጓሚ ሳይፈልጉ ማስፈረም ለእኔ ከማታለል አይለይም። ደንቡ ራሱ መብቱን የሚዘረዝር ጽሑፍ ለቀረው ሰው እንዲሰጥ ያዛል።

አቅመ ደካሞችንና ብቻቸውን የሚጓዙ ሕፃናትን ከሚቀሩት መካከል መቁጠርም ስህተት መሆኑን መናገር ባላስፈለገ ነበር።

የመጨረሻው የአነጋገር ስህተት ነው። ከቺካጎው ድርጊት በማግስቱ የዩናይትድ ሥራ አስፈጻሚ ኦስካር ሙኞዝ ይቅርታ የጠየቁት መንገደኞቹን «በሌላ መንገድ ለማስተናገድ» በመገደዳቸው ነበር። ተጎትቶ የወጣን ሰው ተስተናገደ ማለት ቁጣውን አባባሰው፤ በሦስተኛው ቀን ሁለተኛ ይቅርታ መጻፍ ግድ ሆነባቸው።