የልብ በር ኦፕራሲዮን፦ ማደንዘዣ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

«የትኛው ማደንዘዣ ይሻላል? በጋዝ የሚሰጠው ወይስ በደም ሥር የሚገባው?» ታማሚም አስታማሚም ቀድመው የሚጠይቁት ይህን ነው። የመጀመሪያው ስህተት እዚህ ይጀምራል። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ 5,400 ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ሁለቱን አወዳድሮ በአንድ ዓመት ውስጥ በደረሰው ሞት ላይ ልዩነት አላገኘም (ጥናቱ የተሠራው በልብ ደም ሥር ኦፕራሲዮን ላይ እንጂ በልብ በር ላይ አልነበረም)። ከመድኃኒቱ ስም ይልቅ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ አያያዝ ይበልጣል።

አያያዙ ደግሞ እንደ በሩ ይለያያል። ሁሉንም በሮች በአንድ ዓይን ማየት ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው። አገራችን ውስጥ በብዛት የሚታየውን፣ ከሩማቲክ ትኩሳት የሚመጣውን የሚትራል በር (በግራ በኩል ባሉት ሁለት የልብ ክፍሎች መካከል ያለው በር) መጥበብ እንመልከት። ጤነኛው በር ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይከፈታል፤ ክፉኛ የጠበበው ከ1.5 አያልፍም። በዚያች ቀዳዳ ደም የሚያልፈው ልብ በምታርፍባት ቅጽበት ብቻ ነው። ምቱ በደቂቃ 60 ሲሆን እረፍቷ 0.6 ሰከንድ ገደማ ነው፤ 120 ሲደርስ ወደ 0.2 ሰከንድ ይወርዳል። ማለፍ ያልቻለው ደም ወደ ኋላ ይከማችና ሳንባ ውኃ ይቋጥራል። ኬታሚን የተባለው ማደንዘዣ ለስንቱ ኦፕራሲዮን ባለውለታ ቢሆንም ምት ስለሚያፈጥን እዚህ አይመረጥም።

አኦርቲክ በሩ (ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚወጣበት በር) የጠበበ ሰው ጠላቱ የግፊት መውደቅ ነው። በደም ሥር የሚሰጠው ማደንዘዣ ፕሮፖፎል በአንዴ ሲገፋ ደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ግፊት ይወርዳል፣ የወፈረው የልብ ጡንቻ ራሱ ደም ያጥረዋል፤ ሲደክም ግፊቱ ይብሱን ያሽቆለቁላል። ልብ ከቆመ ደረት በመጫን መመለሱ እጅግ ከባድ ነው፤ ደሙ በጠበበው በር አልፎ አይወጣማ። ስለዚህ ግፊትን በየምቱ የሚያሳየው ቀጭን ቱቦ ታካሚው በማደንዘዣ ሳይተኛ የእጁ አርተሪ ውስጥ ይገባል፣ ግፊት የሚያነሣ ኖርአድሬናሊን ወይም ፊኒሌፍሪን ተቀድቶ አጠገብ ይቀመጣል፣ ማደንዘዣውም በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣል። ደም ወደ ኋላ የሚያፈስ በር ግን ከጠባቡ ተቃራኒ ነው፦ የዘገየ ምት ይጎዳዋል፤ ከ80 እስከ 100 ይስማማዋል።

ከቤት ተይዘው የሚመጡ ስህተቶችም አሉ። «ባዶ ሆድ ኑ ተብያለሁ» ብሎ የልብ ምት የሚያዘገዩትን የጠዋቱን አቴኖሎል ወይም ሜቶፕሮሎል መዝለል አንዱ ነው። በድንገት ሲቋረጥ ምቱ ይፈጥናል፤ ጠባብ ሚትራል ላይ ምን እንደሚያስከትል ከላይ አይተናል። ሐኪምዎ አቁሙ ካላለዎት በጉንጭ ውኃ ይዋጡት። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ዋርፋሪን ግን ብዙውን ጊዜ ከ5 ቀን በፊት ይቆማል፤ ቀኑን የሚቆርጠው ሐኪሙ ነው። የብረት በር ያለው ሰው በራሱ ፈቃድ ካቆመ በሩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ብዙ ጊዜ በመሐሉ ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መርፌ) ይሰጠዋል።

ጾሙን ማብዛትም አይጠቅም። ለእንጀራና ለመሰል ምግብ 6 ሰዓት፣ ለጮማ 8 ሰዓት፣ ለውኃና ወተት ለሌለው ሻይ ደግሞ 2 ሰዓት ይበቃል፤ ሆስፒታሉ ሌላ ካዘዘ የእሱ ይከበራል። በሶ መጠጥ ቢመስልም እንደ ምግብ ይቆጠራል። ከማታ ጀምሮ ውኃ ያልቀመሰ የአኦርቲክ ታማሚ ማደንዘዣው ሲጀመር ግፊቱ ቶሎ ይወድቃል።

ጫት መደበቅ ሌላው ነው። ጫት ምትንም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። የማደንዘዣ ባለሙያው የሚጠይቀው ሊወቅስ ሳይሆን መጠን ሊያሰላ ነው፤ ቤተሰብ ፊት ማውራት ከከበደዎት ለብቻ ያነጋግሩት። የተበላሸ ጥርስም ቀድሞ ይታከም፤ ከድድ የሚነሳ ባክቴሪያ አዲሱን በር ሊያጠቃ ይችላል።

«ወገቤን ብቻ አደንዝዙኝ» የሚሉም አሉ። ደረት ተከፍቶ፣ ልብ ቆሞ፣ ደም በማሽን እየዞረ በሚሠራ ኦፕራሲዮን ሙሉ ማደንዘዣ የግድ ነው። አኦርቲክ በር ደረት ሳይከፈት በብሽሽት በኩል ሲተካ ግን በቀላል ማረጋጊያ መሥራት ይቻላል።