ማጠኛው ሙቀቱን አልመልስ ሲል፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ላይ የጎርጎራን ዓሣ በኤሌክትሪክ ማጠኛ እያጠንኩ መሸጥ ከጀመርኩ ወዲህ ከሌሎች አጣኞች የምሰማው አቤቱታ ያው ነው። «ባዶውን ደህና ይግላል፤ ዓሣውን አስገብቼ በሩን ስዘጋ ግን ሙቀቱ ወርዶ ይቀራል።» ሁሉም መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሬዚስታንሱን፣ ማለትም ግሎ ሙቀት የሚሰጠውን ክፍል ነው። እኔም ጠርጥሬ ደህናውን አስነቅዬ አዲስ አስገጥሜያለሁ፤ ሙቀቱ ግን እንደዚያው ቀረ።

ትልቁ ስህተት ሳይለኩ መፍታት ነው። ማጠኛውን ባዶውን 110 ዲግሪ ላይ ያድርሱት፤ በሩን ለ30 ሴኮንድ ከፍተው ይዝጉና ወደ 110 ለመመለስ ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት ይመዝግቡ። የእኔ ቁጥር ከማጠኛው አጠገብ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ተጽፏል። ችግር ሲመጣ ያንኑ ይድገሙ፤ ባዶውን እንደወትሮው ከተመለሰ መሣሪያው ጤነኛ ነው፤ ሙቀቱን የሚበላው የጫኑበት ነገር ነው። ባዶውንም ካዘገመ ግን ወደ መብራቱ መስመርና ወደ በሩ ይሂዱ።

ከጭነቱ እንጀምር፤ ብዙው ችግር እዚያ ነውና። ዓሣውን ከጨው ውሃ አውጥቶ እየተንጠባጠበ ማስገባት ለማጠኛው ከባድ ሸክም ነው። አንድ ሊትር ውሃ እንፋሎት ሆኖ እስኪያልቅ ድረስ 1200 ዋት ያለው ማጠኛ ግማሽ ሰዓት ያህል ሙሉ ጉልበቱን ይጨርስበታል። ያ ሁሉ ሲሆን ዲግሪው ንቅንቅ አይልም፤ ባለቤቱም ተበላሸ ብሎ ይጨነቃል። አምባዛም ይሁን ቀረሶ በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁት፤ ከዚያ ዝንብ በማይደርስበት ነፋሻ ቦታ ላዩ በጣት ሲነኩት እስኪያጣብቅ ድረስ ይስቀሉት። እንዲህ የደረቀ ዓሣ ጢሱንም በደንብ ይይዛል። ከማቀዝቀዣ በቀጥታ አውጥቶ እስከ አፉ መሙላትም ያው ነው፤ ግማሹን ጭኖ ሁለት ጊዜ ማጠን ይሻላል። የውሃ ሳህን ካለው የፈላ ውሃ እንጂ የቧንቧ ውሃ አያድርጉበት።

እንጨቱንም ውሃ ውስጥ አይዘፍዝፉ። ብዙ ሰው ጢሱ ይበዛል ብሎ ያደርገዋል፤ መጀመሪያ የሚወጣው ግን እንፋሎት ነው፤ እሱም ሙቀት ይሰርቃል። ጋን የምናጥንበት ደረቅ ወይራ፣ በትንንሹ ተፈልጦ፣ ይበቃል። ባሕር ዛፍ አይሞክሩ፤ ዓሣውን መራራ ያደርገዋል።

አሁን ወደ መስመሩ። በሰፈራችን ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ድረስ ሁሉም ምጣዱን ይሰካል፤ አንድ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3500 ዋት ገደማ ይስባል። ያን ጊዜ ቮልቴጁ ይወርዳል። ከ220 ወደ 180 ሲወርድ ጉልበቱ በትንሹ የሚቀንስ ይመስላል፤ እውነታው ግን 1200 ዋት የነበረው ማጠኛ 800 ገደማ ላይ ይቀራል፤ ጉልበቱ የሚቀንሰው ቮልቴጁ በመቶኛ ከቀነሰው እጥፍ ገደማ ነውና። ሬዚስታንሱ ምንም ሳይሆን ሲሶው ጉልበት ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ሥራዬን ጠዋት አድርጌዋለሁ፤ እኔ ቤት ምጣድና ማጠኛ አብረው አይሰኩም።

ሬዚስታንሱን በከንቱ ባስቀየርኩ ጊዜ የማጠኛዬን ችግር ያገኘችው ጎረቤቴ ናት። «እስቲ ስፒናውን ንኪው፤ ምንድን ነው የሚሸተው?» አለችኝ። መስመሩን አጥፍቼ ስነቅለው ጣት ያቃጥላል፤ አንደኛው እግሩ ጠቁሯል፣ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ቡናማ ሆኖ አብጧል። ዓሣው ጋ መድረስ የነበረበት ሙቀት ሶኬቱ ውስጥ ነበር የሚቀረው። ይህ የቤት እሳትም ያስነሳል። የላላ ሶኬት ወዲያው ይቀየር፤ ለስልክ ቻርጀር በተሠራ ቀጭን ዲቫይደር ማጠኛ አይሰካ። ገመድ ማራዘም ግድ ከሆነ አጭርና ውፍረቱ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነውን ይጠቀሙ።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው 110 ቮልት ማጠኛ ያላችሁ፣ ትራንስፎርመሩ ከማጠኛው ዋት በላይ መሆኑን አረጋግጡ። አቅሙ ያነሰ ትራንስፎርመር ራሱ እየጋለ ሙቀቱን ያስቀራል።

ሬዚስታንሱን መጠርጠር ያለብዎት ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ ነው። ነቅለው፣ አቀዝቅዘው በቴስተር ይለኩት፤ በ220 ቮልት 1200 ዋት የሆነው 40 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። ሁለት ባለ 600 ሬዚስታንስ ያለው ማጠኛ 80 ካሳየ አንደኛው ተበጥሷል። እንዲህ ያለው ማጠኛ ባዶውን ቀስ ብሎ ይግላል፤ ሲጫንበት ግን አቅም ያጣል።

እንደ ጎንደር ከፍ ባለ ቦታ ላይ የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ቴርሞሜትሩን በፈላ ውሃ ሲፈትሹት 93 ቢል፣ ተበላሸ ብለው አይጣሉት። ከተማችን ከባሕር ወለል 2100 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። 100 የሚለው ነው የተሳሳተው። የማጠኛው ሴንሰር ደግሞ በጥቀርሻና በስብ ከተሸፈነ ዘግይቶ ያነባል፤ ለብ ባለ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ዓሣም አያስጠጉበት።

ዲግሪው ሲወርድ መቆጣጠሪያውን ወደ 150 መጠምዘዝ ምንም አያፈጥንም። ቴርሞስታቱ የሚያውቀው ማብራትና ማጥፋት ብቻ ነው፤ ሬዚስታንሱ ቀድሞውኑ በሙሉ ጉልበቱ እየሠራ ነው። የሚያተርፉት ኋላ ላይ የሚያርር ዓሣ ነው። በሩንም በየአሥር ደቂቃው አይክፈቱ፤ ለአፍታ ሲከፈት የሚወጣው አየር ቶሎ ይመለሳል፤ ብረቱ ከቀዘቀዘ ግን ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። የበሩን ጎማ ለመፈተሽ ወረቀት አስገብተው ይዝጉና ይሳቡት፤ ሳይይዘው ከወጣ ጎማው አልቋል። የጢስ መውጫውን ግን ሙቀት ላስቀር ብለው አይድፈኑት፤ ጢሱ ታፍኖ ዓሣው ይመርራል።

በመጨረሻ፣ መብራት ሲጠፋ ከፍቶ ማየት። ተዘግቶ ይቆይ። መብራቱ ሲመለስ የመውጊያ ቴርሞሜትር የዓሣው መሐል ላይ ይውጉ፤ ለመብላት 63 ዲግሪ መድረስ አለበት። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መካከል ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቶ ከሆነ እንደገና ቢያሞቁትም ለደንበኛ አይሰጥም። ለጥምቀት እንግዳ ያዘጋጀሁትን አንድ ሙሉ ጭነት በዚሁ ምክንያት ጥያለሁ፤ ዋጋውም ቀላል አልነበረም፤ ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ።