የዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኮሚቴ እንዴት ይቋቋማል?

በብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ኮምፒውተር ይገዛል፣ መምህሩ ግን ምን እንደሚያስፈልገው አይጠየቅም። ይህን የሚያስተካክለው ኮሚቴ ነው። ችግሩ ኮሚቴው ከተቋቋመ በኋላ ማን በምን ላይ እንደሚወስን አለመጻፉ ነው። ስለዚህ እንዲህ ጀምሩ።

መጀመሪያ ያላችሁን መዝግቡ፦ ሰርቨር፣ ላብ፣ የሶፍትዌር ፈቃድ፣ ዋይፋይ። ከእያንዳንዱ ጎን ፓስወርዱን ማን እንደያዘ ጻፉ። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ዛሬውኑ ሁለተኛ ሰው ጨምሩ።

አባላቱ ከሬጅስትራር፣ ከቤተ መጻሕፍት፣ ከግዥ፣ ከመምህራን፣ ከተመራማሪዎችና ከተማሪዎች ይውጡ። ሰብሳቢው የአካዳሚክ ምክትል ፕሬዝዳንቱ ቢሆን እመርጣለሁ። የአይሲቲ ዳይሬክተሩ ጸሐፊ ይሁን፤ አገልግሎቱን የሚሰጠው ክፍል ራሱን መገምገም የለበትም።

አሁን ከባዱ ሥራ መጣ፦ ሥልጣን ማከፋፈል። ኔትወርክ፣ ኢሜይል፣ የተማሪ መዝገብና የመረጃ ደኅንነት ለመላው ግቢ አንድ ወጥ መሆን አለባቸው። በየኮሌጁ የተለያየ አሠራር ከተፈቀደ ማንም ሊጠብቃቸው አይችልም። በላብ ውስጥ የሚሠራበትን ሶፍትዌር ግን ትምህርት ክፍሉ ይምረጥ። ስታቲስቲክስ በምን እንደሚማሩ አይሲቲ ሊወስን አይገባም።

ጭቅጭቁ ያለው መሃል ላይ ነው። ሙድልን፣ ማለትም የኮርስ ማስተማሪያዎች በኦንላይን ለተማሪ የሚቀርቡበትን ሶፍትዌር፣ እንውሰድ። ኮርሶች ሁሉ እዚያ ይጫኑ ወይስ አይጫኑ የሚለው የትምህርት ጥያቄ ስለሆነ የሴኔት፣ ማለትም በዩኒቨርሲቲው የትምህርት ጉዳዮች ላይ የሚወስነው ጉባኤ፣ ነው። ባክአፕና እድሳት የአይሲቲ ነው። እድሳቱ በፈተና ሳምንት እንዳይደረግ መከልከል ደግሞ የኮሚቴው ነው። እነዚህን ሦስቱን ለይታችሁ በአንድ ገጽ ጻፉ።

ላቦቹንም እንዲሁ። የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተር ስለሚሰጥ፣ ፈተና ሲደርስ የትምህርት ክፍሎች ላብ ይወሰዳል። ይህ ተገቢ ነው፤ ስንት ቀን ቀድሞ እንደሚነገር ግን ይጻፍ። በአንድ ግቢ ማሽኖቹ ለፈተና ሲዘጋጁ ዲስካቸው ተጠርጎ፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የምርምር ዳታ አብሮ ሲጠፋ አይቻለሁ። ከመጠረጉ በፊት ባለቤቱ ይፈርም የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ያድነው ነበር። የታካሚ ወይም የተማሪ መረጃ የያዘ ምርምር ካለ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው አብራችሁ ወስኑ።

ገጹን ለሴኔት አቅርባችሁ አጽድቁ። በፕሬዝዳንቱ ደብዳቤ ብቻ የቆመ ኮሚቴ ፕሬዝዳንቱ ሲቀየር ይረሳል።

ከዚያ በጀት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ስለዚህ የትምህርት ክፍሎችን ጥያቄ የበጀት ዝግጅት ሳይጀመር ሰብስቡ። ሰኔ ላይ ገንዘቡ እንዳይመለስ ተብሎ በጥድፊያ የሚገዛ ዕቃ ማንንም አይጠቅምም። እያንዳንዱ ጥያቄ ዕቃውን ማን እንደሚጠግነውና መብራት ሲጠፋ በምን እንደሚሠራ ይግለጽ። ለሶፍትዌር ከመክፈላችሁ በፊት ሙድልን፣ ለቤተ መጻሕፍት ኮሃን፣ ለምርምር ሥራዎች ማከማቻ ዲስፔስን ሞክሩ። ፈቃዳቸው ነፃ ነው። የተረፈውን ገንዘብ ግን ለሚያንቀሳቅሷቸው ባለሙያዎች ሥልጠና አውሉት፤ እዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

ስብሰባው በሩብ ዓመት አንዴ ይበቃል። ቃለ ጉባኤው በሳምንት ውስጥ ለሁሉም ትምህርት ክፍሎች ይላክ፤ ውድቅ የተደረገ ጥያቄ ካለም ምክንያቱ አብሮ ይጻፍ።