ፌሽታ የሚያስተምረው ፖርቱጋልኛ

ቸርችል ጎዳና ላይ በሚገኝ የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ ውስጥ 16 ዓመት ሠርቻለሁ። የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ በደረሰ ቁጥር ከአንጎላ፣ ከሞዛምቢክ፣ ከኬፕ ቨርዴ፣ ከጊኒ ቢሳውና ከሳኦ ቶሜ የሚመጡ እንግዶች ወደ እኛ ጎራ ይላሉ። አንድ ጠዋት በዕድሜ የገፉ አንዲት የአንጎላ እናት ገቡና ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው አለቀሱ። ስልካቸውን አዙረው የአንዲት ሴት ፎቶግራፍ አሳዩኝ። እህታቸው እንደሞተችባቸው የገባኝ ከቃላቸው ሳይሆን ከእጃቸው ነው። ትኬታቸውን ቀየርኩላቸው፣ ውኃ ሰጠኋቸው፤ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ለማለት ግን አንድም ቃል አልነበረኝም። ፖርቱጋልኛ ለመማር የወሰንኩት በዚያው ሳምንት ነው።

መጀመሪያ የማታ ትምህርት ገባሁ። ስምንት ወር ሙሉ ግስ በሠንጠረዥ ስናረባ ከረምን። ፈተናውን አለፍኩ፤ ዳቦ ለመግዛት ግን አፌ አይፈታም ነበር። አፌ የተፈታው በኋላ፣ በሰኔ በዓላት ሰሞን ሊዝበንና ፖርቶ ሦስት ሳምንት ስቆይ ነው። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ፖርቱጋልኛን ከበዓል ጀምሩ፤ በዓሉንም ከዕለቱ ሳይሆን ከዝግጅቱ ቀናት ጀምሩ።

በዓል ለምን? ቡሄን አስቡ። «ሆያ ሆዬ» የሚል የሰባት ዓመት ልጅ የግጥሙን ግማሽ ትርጉም አያውቀውም። መቼ እንደሚቀበል፣ መቼ ዱላውን እንደሚመታ፣ ሙልሙሉ ሲሰጠው ምን ብሎ እንደሚመርቅ ግን ያውቃል። ቋንቋ መጀመሪያ የሚገባው በዚህ በር ነው። በበዓል ቀን ሰው ሁሉ አንዱን ቃል በአንድ ሰዓት ይደጋግመዋል፤ እናንተም ከሕዝቡ ጋር ስትሉት ማንም ቆሞ አያርማችሁም። ፖርቱጋሎችም የቡሄ ዘመድ የሆነ ልማድ አላቸው፦ ጥቅምት 22 ቀን ልጆች ከረጢት ይዘው ከቤት ቤት እየዞሩ «ፓው ፑር ዴውሽ» ይላሉ። ቃል በቃል «ዳቦ፣ ስለ እግዚአብሔር» ማለት ነው። ይህን ስሰማ ደጃችንን የሚያንኳኩት የሰፈራችን ልጆች ፊቴ ላይ መጡ።

የምትሄዱበትን ጊዜ እንዲህ ቁረጡ። የሊዝበኑ የቅዱስ አንቶንዮስ በዓል ዋዜማ ሰኔ 5፣ የፖርቶው የቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ ደግሞ ሰኔ 16 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ እረፍትም ትምህርትም ይሆናችኋል፤ ከተማ ከከተማ የሚያገናኘው ባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ብቻ ይፈጅበታል። ሊዝበን ከግንቦት መጨረሻ ጀምራችሁ ግቡ። ፖርቱጋልን ጨምሮ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግለው የሼንገን አጭር ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ ቢበዛ 90 ቀን ያስቆያል። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ጀምሮ ይቀርባል፤ ከ15 ቀን ያነሰ ሲቀር ግን ጊዜው አልፏል። የጉዞ ሕክምና ዋስትናችሁ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን። ትኬት ሻጭ ሆኜ የምመክረው ደግሞ፣ ቪዛው ሳይወጣ ገንዘባችሁን ትኬት ላይ አታፍስሱ፤ ቦታ አስይዛችሁ ጠብቁ።

አሁን ወደ ደብተሩ። ከመሄዳችሁ ሁለት ወር በፊት አንድ ደብተር ግዙና የምትሰሙትን ሁሉ በፊደላችን ጻፉ። የምወደው ምክሬ ይህ ነው። የፖርቱጋል ሰዎች አናባቢ ይውጣሉ፤ በላቲን ፊደል ያነበባችሁት ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ሌላ ይሆንባችኋል። የሚውጡት ድምፅ ግን የእኛ ሳድስ ነው። ስልክን «ትልፎን»፣ ትንሽን «ፕኬኑ»፣ መሰላልን «ሽካዳ» ይላሉ። ሌሎች ለፍተው የሚለምዱት ድምፅ ለእኛ «ትንሽ» እንደማለት ይቀላል። «ኝ»፣ «ሽ» እና «ዥ»ም አሉን። «ፌሽታ» የሚለውን ቃልማ እንዳለ ነው የሚሉት፤ የሊዝበን ሰው በዓሉን ሲጠራ ሰርግ ደምቆ ያመሸ የአዲስ አበባ ሰው ይመስላል።

የሳምንቱን ቀኖችም በአንድ ምሽት ትይዟቸዋላችሁ። እነሱ ከእሑድ ጀምረው ይቆጥራሉ፦ ረቡዕ «ኳርታ ፈይራ»፣ አራተኛ፤ ሐሙስ «ኪንታ ፈይራ»፣ አምስተኛ። ረቡዕና ሐሙስም በግዕዝ አራተኛና አምስተኛ ናቸው፤ ሰኞም ሁለተኛ ከሚለው የመጣ ነው። አክብሮቱም አያስቸግርም። አንዲትን ትልቅ ሴት ስታነጋግሩ «አ ስኞራ» ብላችሁ ግሱን በሩቅ መደብ ታስኬዳላችሁ፤ እኛም «እርስዎ ይፈልጋሉ» እና «እሳቸው ይፈልጋሉ» ስንል ግሱ አንድ ነው። ምስጋና ላይ ግን ተጠንቀቁ። እኛ ጾታ የምንለየው በምናነጋግረው ሰው ነው፤ «ኦብሪጋዱ» እና «ኦብሪጋዳ» የሚለያዩት ግን በተናጋሪው ነው። ወንድ ከሆናችሁ ለሴትም ለወንድም «ኦብሪጋዱ»፣ ሴት ከሆናችሁ ሁልጊዜ «ኦብሪጋዳ»።

የሚያስቸግረው በአፍንጫ የሚወጣው ድምፅ ነው። ዳቦም «ፓው»፣ በትርም «ፓው» ነው፤ ዳቦው ብቻ በአፍንጫ ያልፋል። እኔ በደብተሬ ላይ ዳቦው ራስ ላይ ነጥብ አደርጋለሁ። አፍንጫችሁን በሁለት ጣት ይዛችሁ በሉት፤ ድምፁ ከታፈነ ትክክል ነው። ከጣሊያን ወደ እኛ የገቡ ቃላትም ብዙ ይረዷችኋል፣ አንዳንዴም ያሳስቷችኋል። ኮላ ያው ኮላ ነው፣ ቦርሳ «ቦልሳ» ነው። «ሳልሳ» ግን እኛ የምናውቀው የቲማቲም ድልህ አይደለም፤ አትክልት ቤት ገብቼ ብጠይቅ አንድ እስር ቅጠል ተሰጥቶኝ ወጣሁ። «ካልሳሽ»ም ካልሲ ሳይሆን ሱሪ ነው።

ሊዝበን ያረፍኩት አልፋማ ነው፤ ደረጃውና ቀጭን መንገዱ የበዛ አሮጌ ሰፈር። ያከራዩኝ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ነበሩ። በደረስኩ በሁለተኛው ቀን ጎረቤቶች ከመስኮት ወደ መስኮት ገመድ ስበው ባለቀለም ወረቀት ያንጠለጥሉ ጀመር። እኔ አንድ የተዘጋጀ ቃል ነበረኝ፦ «ፖሱ አዡዳር?» ላግዝ? ለጉዞ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያዙ ብባል ይህንን እይዛለሁ። ወዲያው የመሰላሉን እግር አስያዙኝ። «ስጉራ አኪ!» አሉኝ ሴትዮዋ፤ እዚህ ጋ ያዢ። እጄ ከያዘ በኋላ ቃሉ አልጠፋኝም። ገመድ፣ ሙጫ፣ መቀስ፣ ከፍ አድርጊው፣ ዝቅ አድርጊው፣ ተይው፤ ሦስት ቀን እንዲሁ ዋልን። የማላውቀው ነገር ሲገጥመኝ እየጠቆምኩ «ኮሙ ስ ዲዝ ኢሽቱ?» ይህ ምን ይባላል? እላለሁ፤ ሲፈጥኑብኝ «ማይዥ ድቫጋር፣ ፑር ፋቮር»፣ ቀስ ብለው እባክዎ። እሳቸውም «ፊልያ» ይሉኛል፣ ልጄ። «ል» እና «ይ»ን ምላስ ላንቃ ላይ ለጥፎ አንድ ማድረግ ያስተማረኝ ይህ ቃል ነው፤ በቀን ሃያ ጊዜ ስሰማው እንዴት አይገባኝም!

በአንዱ ከሰዓት፣ ወረቀት እየለጠፍን፣ ቢሮዬ ስላለቀሱት የአንጎላ እናት በተሰባበረ ቋንቋ ነገርኳቸው። መቀሱን አስቀመጡና እጄን ይዘው «ኡዥ ሜውሽ ሴንቲሜንቱሽ» አሉ፤ ለለቅሶ የሚባለው ይህ ነው። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ያ ቃል ያለው ገጽ ላይ የሙጫው ጠብታ እስከ ዛሬ ደርቆ አለ።

ዋዜማው ሌላ ነው። ጭስ፣ ሙዚቃ፣ መላወሻ የሌለው መንገድ። በዚያ ሌሊት አዲስ ነገር ለመማር አትድከሙ፤ የያዛችሁትን ተናገሩበት። «ኡማ ሳርዲኛ፣ ፑር ፋቮር» ብትሉ የተጠበሰ ሰርዲን ቁራሽ ዳቦ ላይ ይሰጣችኋል፤ እንጀራ ወጥ እንደሚጠጣ ዳቦው የዓሣውን ስብ ይጠጣል። የሰኔን ጾም ለሚጾም የጎመንና የድንች ሾርባ አለ፣ «ካልዱ ቬርድ» ይባላል፤ ቋሊማ ጣል ስለሚያደርጉበት «ሰይን ካርን»፣ ያለ ሥጋ፣ በሉ። ከዚያ «ማንዥሪኩ» ግዙ። ትንሽ ማሰሮ ውስጥ የበቀለ፣ ቅጠሉ የደቀቀ፣ የእኛ የበሶብላ ዘመድ ነው። የወረቀት አበባና አራት መስመር ግጥም ተሰክቶበት ይሸጣል። አፍንጫን አያስጠጉትም፤ በመዳፍ ዳሰስ አድርጎ መዳፍን ማሽተት ነው ወጉ። አሸተትኩት፤ እናቴ በርበሬ ስታዘጋጅ የሚሸተው ጓሮ ነበር። ግጥሙን በቃላችሁ ያዙት። አጭር ነው፣ ቤት ይመታል፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሊያስረዳችሁ ይሽቀዳደማል።

ፖርቶ በቅዱስ ዮሐንስ ሌሊት ሰው በፕላስቲክ መዶሻ የማያውቀውን ሰው ራስ ቀስ አድርጎ መታ ያደርጋል። መዶሻው «ማርቴሉ» ነው፣ መካኒኮቻችን ማርቴሎ የሚሉት። አንዳንዱ እንደ ድሮው ባሮ ሽንኩርት ይዞ ይወጣል። መታ ሲያደርጓችሁ «ቦን ሳው ዡዋው!» ብላችሁ መልሱ፤ ያ ብቻ ይበቃል። እሳት ይነዳል፣ ወጣቶች ይዘሉታል፤ እኩለ ሌሊት ላይ እ.ኤ.አ. በ1886 በተመረቀው የዶን ሉዊሽ ድልድይ አጠገብ ከወንዙ ላይ ርችት ይተኮሳል። የእኛ ቅዱስ ዮሐንስ መስከረም 1 ነው፣ ዋዜማውን ችቦ እናበራለን። ይህን ለአንድ ቤተሰብ እያስረዳሁ እስኪነጋ ቆየሁ።

ለእንዲህ ያለው ወሬ አንድ ታሪክ ከቤት ተዘጋጅቶ ይሂድ፤ ከአሥር የማይበልጡ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች። ኢትዮጵያዊ መሆናችሁን ስትናገሩ አንዳንዱ «ፕሬሽት ዡዋው» ይላችኋል፤ በድሮ ዘመን አውሮፓውያን የፈለጉት የክርስቲያኑ ንጉሥ ስም ነው። መርከበኛውን ቫስኮ ዳ ጋማን የማያውቅ የለም። ልጁ ክሪሽቶቫው እ.ኤ.አ. በ1541 ነፍጥ ያነገቡ 400 ያህል ወታደሮች ይዞ ለአፄ ገላውዴዎስ ሊዋጋ እንደመጣ፣ በ1542 ተማርኮ እንደተገደለና አገሩ እንዳልተመለሰ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። «መጣ»፣ «ተዋጋ»፣ «ሞተ» ማለትን በዚህ ታሪክ ተምሬ ጨረስኩ፤ ሠንጠረዡ በስምንት ወር ያልሰጠኝን።

ፖርቱጋል ሩቅ ከሆነባችሁ ከቦሌ ወደ ማፑቶ፣ ወደ ሉዋንዳና ወደ ሳኦ ፓውሎ በረራ አለ። ከጥምቀታችን ብዙም በማይርቅ ሰሞን በብራዚሏ ሳልቫዶር ነጭ የለበሱ ሴቶች የቦንፊም ቤተ ክርስቲያንን ደረጃ ሽቶ ባለው ውኃ ሲያጥቡ ማየት ትችላላችሁ። የብራዚል አነጋገር ግን ሌላ ነው፤ አናባቢውን አይውጡም፣ ብዙው ሰው «ዲያ»ን «ጂያ» ይላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው አንዱን ምረጡ።

መሄድ ለማይችል ሰው ደግሞ አዲስ አበባ ደረቅ አይደለችም። እኔ ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ባለ ካፌ ከአንዲት የሞዛምቢክ ልጅ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ እገናኛለሁ፤ ግማሽ ሰዓት በእሷ ቋንቋ፣ ግማሽ ሰዓት በእኔ። ለፋሲካ ቤቴ ጠርቻት ሽንኩርት አስከተፍኳት፤ «ላግዝ?» ያለችው በአማርኛ ነበር። ቤት ውስጥ ሥራ ስሠራ የፖርቱጋልን ሬዲዮ በስልኬ እከፍታለሁ።

የአልፋማዋን እናት በየዓመቱ ጥቅምት 22 እደውልላቸዋለሁ። እንደ እኛ ናቸው፤ ጤናዬን፣ እናቴን፣ ዝናቡን ሳይጠይቁ ወደ ሌላ ወሬ አይገቡም። ስለዚህ ከመደወሌ በፊት ሦስቱንም መልስ ደብተሬ ላይ ጽፌ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አንብቤ ነው ስልኩን የማነሳው።