ስሪላንካ ስትሄዱ ካልሲና ነጠላ ያዙ

ለእረፍት ስሪላንካ የምትሄዱ ከሆነ ሻንጣችሁ ውስጥ አንድ ጥንድ ወፈር ያለ ካልሲ ይኑር። የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ ጫማና ኮፍያ ተወልቆ ነው የሚገባው። ጫማ ማውለቁ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የሚፈትነው ወለሉ ነው። በጥንታዊቷ ከተማ አኑራዳፑራ ያለው ሩዋንወሊሳያ የሚባለው ግዙፍ ነጭ ስቱፓ (ጉልላት መሰል የቡድሃ መቅደስ) ዙሪያው በሙሉ ድንጋይ የተነጠፈ ነው። እኩለ ቀን ላይ ያ ድንጋይ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ባዶ እግሩን የገባ ሰው በጣቶቹ እየረገጠ ወደ ጥላ ይሮጣል። በካልሲ መግባት ይቻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ መሄድ ነው።

ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ ነጭ ልብስ ይመረጣል። ነጠላ ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ ቀላል ነው፣ አይሞቅም፣ ቶሎ ይደርቃል። ጫማ ለሚጠብቁ ሰዎች የሚሰጥ ዝርዝር የአገሩ ገንዘብም በኪስ ያዙ።

ፎቶ ላይ ተጠንቀቁ። ለቡድሃ ሐውልት ጀርባ ሰጥቶ ፎቶ መነሣት እንደ ንቀት ይቆጠራል፤ ጎን ለጎን ቁሙ። የቡድሃ ንቅሳት ያለው ሰው ደግሞ ይሸፍነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ክንዷ ላይ የተነቀሰች አንዲት እንግሊዛዊት ጎብኚ ከአየር ማረፊያ ተይዛ ከአገር ተባራለች፤ ፍርድ ቤት ካሳ የፈረደላት ከዓመታት በኋላ ነው።

ጨረቃ ሙሉ የምትሆንበት ቀን፣ ፖያ፣ የሕዝብ በዓል ነው። መቅደሶቹ በምእመናን ይጨናነቃሉ፣ መጠጥም አይሸጥም። ድባቡን ለማየት ግን ከዚያ የተሻለ ቀን የለም።