ስንጥቁ የፎልት ነው ወይስ የተዳፋት? ችግርና መፍትሄ

ፎልት ማለት ሁለቱ ወገኖቹ ተላልፈው የሚንቀሳቀሱበት የምድር ዐለት ስብራት ነው፤ የተዳፋት ስንጥቅ ግን የሚመጣው መሬቱ ወደ ቁልቁል ሲንሸራተት ነው። የሳተላይት ምስል ላይ ቀጥ ያለ መስመር ታየ ተብሎ ቦታው ሳይረገጥ «ንቁ ፎልት» የሚል ካርታ መውጣቱ መቆም አለበት። በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ፣ ከጣርማበር እስከ ደሴ፣ ብዙ ፎልቶችም ተዳፋቶችም ወደ ምሥራቅ ስለሚወርዱ ለስህተት ይመቻሉ። መንቀጥቀጥን ለመቋቋም የተጠናከረ ሕንፃ ደግሞ መሬቱ ከሥሩ ከሄደ አይተርፍም።

ምልክት፦ ተዳፋቱ አናት ላይ መሬቱ ተሰንጥቆ የታችኛው ወገን ወርዷል

ደጋግሞ የሚያጋጥመው ይህ ነው። ስንጥቁን በሁለቱም አቅጣጫ እስኪጠፋ በእግር ይከተሉት። በየ20 ሜትሩ የጂፒኤስ ነጥብ ይያዙ፤ የወረደበትን መጠንና የተከፈተበትን አቅጣጫ ይመዝግቡ። ጫፎቹ ወደ ቁልቁል ታጥፈው ማጭድ ከመሰለ የመንሸራተት አናት መሆኑን ይጠርጥሩ። ከዚያ ጎንና ጎኑን ይዩ፦ መሬቱ በአንዱ ጎን ወደ ግራ፣ በሌላው ወደ ቀኝ ተጎትቶ፣ ግርጌው ላይ አፈሩ አብጦ ወይም አዲስ ምንጭ ፈልቆ ከተገኘ ጉዳዩ አለቀ፤ ተዳፋቱ ነው።

ፎልት ለጋራና ለሸለቆ ደንታ የለውም። ወንዙን ተሻግሮ በማዶውም ተረተር ይቀጥላል፤ ዝቅ የሚያደርገውም ያንኑ ወገን ነው። ርዝመቱም ይመሰክራል፦ መሬቱን በአንድ ጊዜ 1 ሜትር ያህል የሚያወርድ መንቀጥቀጥ በአብዛኛው በአሥር ኪሎሜትሮች የሚለካ ስብራት ይተዋል። 300 ሜትር ብቻ ረዝሞ 4 ሜትር የወረደ፣ ቀጣይ የሌለው ስንጥቅ የፎልት ባሕርይ የለውም።

ብዙዎች የሚወድቁበት ወጥመድ ግን የመንሸራተቱ አናት ቀጥ ሲል ነው። እ.ኤ.አ በ2005 በደብረ ሲና አካባቢ ትልቅ መንሸራተት የደረሰው ፎልት በበዛበት በዚሁ ጠርዝ ላይ ነው። ዐለቱ በጥንት ፎልት ተሰብሮ ስለቆየ ተዳፋቱ ሲሄድ በዚያው ድክመት ይቆረጣል። ፎልት አለ፤ አሁን የተንቀሳቀሰው ግን ተዳፋቱ ሊሆን ይችላል። መፍትሄው ከተንሸራተተው መሬት ውጭ ወጥቶ ያንኑ የፎልት መስመር ለጋ ደለል በሚሸፍንበት ቦታ መፈተሽ ነው። ደለሉ ሳይቆረጥ ካለፈ ፎልቱ ከደለሉ ወዲህ መሬቱን አልሰበረም።

ምልክት፦ ስንጥቁ የፈጠረው ደረጃ ወደ ጋራው ዞሮ ከኋላው ውሃ ያቁራል

ትልቅ ተራራ በራሱ ክብደት ሲለጠጥ ከጫፉ በታች እንዲህ ያሉ ደረጃዎች ይወጣሉ። ብዙ ሆነው ከሸንተረሩ ጎን ለጎን ከሄዱና ሸንተረሩ ሲያልቅ ካለቁ ፎልት አይበሏቸው።

ምልክት፦ ስንጥቁን ለመመርመር ጉድባ ሲቆፈር የአፈሩ ንብርብር ተቆርጦ ይታያል

የቁፋሮ መኪናው ጥርስ ግድግዳውን ይለቀልቀዋል፤ የተለቀለቀ ሸክላ ደግሞ ፎልት የፋቀው ይመስላል። ጭረቱ እስኪጠፋ በእጅ ይፋቁ፤ 1 ሜትር በ1 ሜትር ክር ወጥረው ሁለቱንም ግድግዳ ይሳሉ። አንዱን ግድግዳ ብቻ ስሎ የሚመጣ ሪፖርት አይቀበሉ።

የቆረጠውን ገጽ ወደ ታች ይከተሉ። እንደቀጠነና እንደቆመ ዐለቱ ውስጥ ከገባ ወደ ፎልት ያደላል፤ እየተኛ ሄዶ ሸክላ ላይ ካረፈ መንሸራተት ነው። ከደረጃው ሥር የተከመረ ፍርስራሽ በሁለቱም ስለሚገኝ ብቻውን አይፈርድም። ይልቅ የእያንዳንዱን ንብርብር መቆረጥ ይለኩ፦ በርካታ ንብርብሮች እኩል ተቆርጠው ከላይ ያልተነካ ንብርብር ከሸፈናቸው እንቅስቃሴው ድንገተኛ ነበር። ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ልኩ በጥቂት በጥቂቱ ከጨመረ መሬቱ ቀስ በቀስ እየተሳበ ነው። ድንገተኛ ተንሸራታች ስላለ ይህም ብቻውን አይበቃም፤ ኪሎሜትሮች ርቆ ሁለተኛ ጉድባ ይቆፈር፤ ዕድሜዎቹም ይነጻጸሩ። የከሰል ቁራጭ ከተቀበረበት ንብርብር በብዙ ሊያረጅ ስለሚችል በአንድ ናሙና ዕድሜ አይወሰንም።

ማስጠንቀቂያ፦ ከወገብ በላይ ጠልቆ ያልተደገፈ ጉድባ ውስጥ ማንም አይግባ። ዝናብ ካለፈ በኋላ ፈጽሞ! የተቆፈረውን አፈርም ጠርዙ ላይ አይከምሩ።

ሌሎች አሳሳቾች

መረሬ አፈር ሲያብጥና ሲኮማተር ውስጡ የሚያብረቀርቅ፣ የተፋቀ ገጽ ይፈጥራል፤ ፎልት አይደለም። የስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ከዶፍ በኋላ በድንገት አፉን የሚከፍተውና ወደ ታች የወረደ ወገን የሌለው ገደል ብዙውን ጊዜ ውሃ የእሳተ ገሞራ አመድ ከሥር ሲያጥብ የሚመጣ ነው። የገበሬ እርከንንም ባለቤቱን ጠይቀው ይለዩ።

ሁለቱም ሲገናኙ

እ.ኤ.አ በ1961 ካራቆሬና ማጀቴን ያወደመው መንቀጥቀጥ መሬት ሰንጥቋል፤ ተዳፋትም አንሸራቷል። ስለዚህ የመንሸራተት ዕድሜ ከመንቀጥቀጥ ጋር መግጠሙ ስንጥቁን ፎልት አያደርገውም።

ስንጥቁ አሁንም እየሰፋ ከሆነ ከግራና ከቀኙ የብረት ካስማ ይትከሉ፤ ርቀቱን በየሳምንቱ፣ በክረምት በየቀኑ ይለኩ። ተዳፋት ላይ ሆኖ ዝናብን ተከትሎ የሚሰፋ ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ የተዳፋት ነው። ስፋቱ ከቀን ወደ ቀን ከፈጠነ የጉድባ ውጤት አይጠበቅም፤ ከሥሩ ያሉት ቤተሰቦች ያንኑ ቀን ይነሱ።